ከብዙ እጅ መውጣት

እኔ የተወለድኩባት ከተማ ጠብ አትወድም ነበር። ጎረቤት ከጎረቤት ሲነታረክ፣ ነጋዴ ከገዢ ጋር በሚዛን ሲካሰስ፣ ወንድማማቾች በድንበር ሲጣሉ ማየት ሹሞቿን ያስጨንቃቸው ስለነበር፣ እኔ ከመወለዴ በፊት አንድ መላ ተገኘ። የከተማው ጠብ ሁሉ ተጠራቅሞ በአንድ ሰው ላይ እንዲወጣ ተወሰነ። ቀኑ «ኅብር» ይባላል። በኅብር ቀን ረፋዱ ላይ መለከት ይነፋል፤ ስሙ የተጠራው ባለተራ ገበያው መሃል ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይወጣል፤ ሕዝቡም እጅጌውን ሰብስቦ ይደበድበዋል። በዱላ መምታትና ድንጋይ መወርወር ክልክል ነው። አረመኔዎች አልነበርንም።

ሲያበቃ ሁሉም ይታረቃል። ጠዋት የተኳረፉ ሰዎች ባለተራውን አብረው ተሸክመው ቤቱ ያደርሱታል። ከሰዓት በኋላ የቅልጥም መረቅ በድስት ይመጣል። «እንኳን ተረፍክ!» ይሉታል የመቱት ሰዎች፣ ከልባቸው። ያ መረቅ ሽታው እስከ መንደሩ ዳር ይደርስ ነበር። ዛሬ እንደዚያ አድርጎ የሚሠራ የለም።

ባለተራውን የሚመርጡት የኅብር ሹሙ ነበሩ። ቀጭን፣ ትሑት፣ ዓመቱን ሙሉ ጉንፋን የማይለቃቸው ሰው ናቸው። ስም ሲጠሩ ድምፃቸው ስለሚዘጋ አንዳንድ ጊዜ ያልታሰበ ሰው ድንጋዩ ላይ ይወጣል። እንዲህ ያለ ስሕተት ሲፈጠር ሹሙ በጣም ያዝኑና መረቁ ላይ ቅቤ እንዲጨመር ያዛሉ።

ሌላም ሹመት ነበር፤ «ጀማሪ» የሚባል። ሕዝብ የቱንም ያህል ቢበዛ የመጀመሪያውን ቡጢ የሚሰነዝር ካልተገኘ እርስ በርሱ እየተያየ ይቆማል፤ ቀኑም ይመሻል። ስለዚህ ቢተው የሚባል፣ ወፍጮ ቤት ጆንያ የሚሸከም ጎልማሳ ለዚህ ተሾመ። ከትከሻው ስፋት የተነሳ በር በጎኑ ነበር የሚገባው። ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራውን በጊዜ ጀምሮ በጊዜ የሚጨርስ ሰው ነበር።

አባቴ ደርበው ኮርቻ ሰፊ ነበር። ስሙ የተጠራው ስብሰባ ላይ ስላዛጋ ነው። ማዛጋት እንደሚጋባ የታወቀ ነው፤ አባቴ አዛጋ፣ አጠገቡ ያለው አዛጋ፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም አዛጋ፤ እንዲህ እያለ የሹሙ ወንበር ድረስ ሄደ። «ሕዝብ ማነሳሳት» ተባለ። አባቴ አልተከራከረም። ጋቢውን አጣጥፎ እጄ ላይ አስቀመጠና ድንጋዩ ላይ ወጣ።

ቀኝ ክንዱ ክርኑ ላይ ተሰበረ። ወጌሻ ቢያየውም ጠምሞ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ወስፌ በእጁ አልጸና አለ።

የዚያን ዕለት መረቁን ይዞ የመጣው ቢተው ራሱ ነበር። አልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ መረቁን እፍ እያለ እያቀዘቀዘ በማንኪያ ሲያጎርሰው በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ።

«ጋሼ ደርበው፣ ክንድዎ እንዲህ ስስ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ትከሻዎን ነበር የምመታው» አለ።

«ምን ታደርግ ልጄ፤ ሥራህ ነው» አለ አባቴ።

ድስቱን አንስቼ ቢተው አናት ላይ ልገለብጠው ፈለግሁ። አልገለበጥኩም። በማግስቱ ጠዋት ግን ወደ እትዬ ዘርፌ ግቢ ሄድኩ።

እትዬ ዘርፌ ከወንዙ ማዶ የመጡ አጭር ሴትዮ ነበሩ። አንድ ጉልበታቸው አይታጠፍም። ድሮ ቆዳ ይለፋበት የነበረውን ሰፊ ግቢ ተከራይተው «ከብዙ ሰው እጅ መውጣት አስተምራለሁ» ብለው ነበር፤ ሰውም ግቢውን መውጫ ይለዋል። ስገባ የኮክ ዛፍ ሥር ተቀምጠው እግራቸውን በቅባት ያሹ ነበር።

«ምን ልትማሪ መጣሽ?»

«መምታት።»

«ስንት ሰው?»

«አንድ ሰው።»

«ላንድ ሰው እዚህ አይመጣም። ላንድ ሰው ሽማግሌ ይላካል፣ ወይ ፊት ይነሱታል። እዚህ ብዙ ሆነው ለሚመጡ ነው።» ቅባቱን ከደኑት። «ብዙ ሰው አይሸነፍም፣ ልጄ። ከብዙ ሰው መሃል ይወጣል እንጂ። መውጣት ትፈልጊያለሽ?»

«አዎ» አልኩ፤ ምን እንዳሉኝ ግን አልገባኝም ነበር።

በዚያው ቀን ተማሪዎቹ ከበቡኝ። ሸማኔው ገላዬ ነበረበት፤ ድንች ቸርቻሪዋ ወርቅያ ነበረችበት፤ ሌሎችም። በዓይን ጥቅሻ ውስጥ መሬት ላይ ነበርኩ፤ ሰባት ስምንት ሰው ላዬ ላይ ተከምሯል።

«የት ነበር የቆምሽው?» አሉ እትዬ ዘርፌ።

«መሃል።»

«መሃል ማን አስቀመጠሽ? መሃል እኮ ለነሱ የሚመች ቦታ ነው። ተነሺ።»

ትምህርታቸው ይኸው ነበር። ወደ ዳረኛው ሰው ሂጂ፤ እሱን በሌሎቹና በራስሽ መካከል አስገቢው፤ ያኔ ክቡ ይፈርስና ወረፋ ይሆናል። ወረፋ ከሆነ ሁልጊዜ ፊትሽ ያለው አንድ ሰው ነው። ማንንም አትያዢ፤ የያዘ ተያዘ። አትውደቂ፤ የወደቀን ሰው ፈሪም ይመታዋል። ዓይንሽ ሰው ላይ አይሁን፣ ሰው የሌለበት ላይ ይሁን። ደግሞም ጩኺ። «ጩኺ እንጂ! ድምፅሽን ለማን ነው የምታስቀምጪው?» ይሉኝ ነበር። በቤታችን ጮክ ብሎ መናገር ነውር ስለነበር ይህ ከሁሉም በላይ አስቸገረኝ። የመጀመሪያውን ጩኸቴን የሰማች የጎረቤት አህያ ገመዷን በጥሳ እንደሄደች ዛሬም እየተወራ ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን ዓይን ታስሮ የሚሠራው ነበር። ዓይናችን በነጠላ ይታሰርና ሰዎቹ ከየአቅጣጫው ይነኩናል፣ ይገፉናል፣ ይጎትቱናል። እትዬ ዘርፌ «የማን እጅ ነው?» ይላሉ። መመለስ አለብን። መጀመሪያ ላይ እጅ ሁሉ እጅ ነበር። ቆይቶ ገላዬን በሻካራ አውራ ጣቱና በቀለበቱ ለየሁት፤ ወርቅያን ደግሞ ሳትመታ በፊት ትከሻን ጭብጥ ስለምታደርግ። ትክክል ስንል ግቢው በሳቅ ይሞላል። ከዚያ ላባችንን ጠርገን ኮክ እንበላለን፤ በቡጢ የተነፋ ከንፈር ላይ የኮክ ጭማቂ ሲያቃጥል እንዴት ደስ እንደሚል ያልቀመሰው አያውቀውም።

ወሬው ሹሙ ዘንድ ደረሰ። አንድ ቀን መሀረባቸውን ይዘው መጡ።

«ወይዘሮ ዘርፌ፣ ሕዝብን መልሶ መምታት ያስተምራሉ ይባላል» አሉ።

«አላስተምርም፤ መውጣት ብቻ ነው።»

«መደበቅስ?»

«መደበቅም የለም። በሕዝብ ፊት ነው የሚወጣው።»

ሹሙ አስነጠሱና ለረጅም ጊዜ አሰቡ። ሕጋችን መልሶ መምታትን ይከለክላል፤ መደበቅን ይከለክላል፤ ስለ መውጣት ግን አንድም ቃል የለበትም። ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ማንም አላሰበበትም። በመጨረሻ «ፍትሐዊ መሆን አለበት» አሉ። «የሚደበደበው ከሠለጠነ የሚደበድበውም ይሠልጥን። ነገ ጀማሪውን እልካለሁ።»

በማግስቱ ቢተው በሩን በጎኑ ገባ። እኔን ሲያይ ራሱን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ ደርበው እንዴት ናቸው?» አለ። ጀርባዬን ሰጠሁት።

እትዬ ዘርፌ ደንብ ነበራቸው፤ ግቢያቸው ውስጥ የሚከብ ሁሉ ተራው ሲደርስ ይከበባል። ቢተው በዕድሜው ሙሉ ተከብቦ አያውቅም። ክቡ መሃል ገብቶ ዙሪያውን ሲያይ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። እኔ ከኋላው ነበርኩ፤ የአባቴን ክንድ እያሰብኩ ባለ በሌለ ኃይሌ ጀርባውን መታሁት። እንደ ጆንያ ወደቀ፤ የቀሩት ተረባረቡበት። እትዬ ዘርፌ «በቃ!» ሲሉ ተነስተን ቆምን፤ እሱ ግን አልተነሳም። አቧራው ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን ጭኖቹ ላይ አድርጎ፣ እኔን ቀና ብሎ አየኝ።

«እንደዚህ ነው እንዴ?» አለ።

አንድ ኮክ ወርውሬለት ሄድኩ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ መጣ። ለመውጣት የማይመች ሰው ነበር፤ ክፍተት ሁሉ ይጠበዋል። ዓይኑ ታስሮ እጅ በመለየት ግን የሚደርስበት ጠፋ። ነፍስ ካወቀ ጀምሮ የጆንያ ክብደት በትከሻው ሲለይ የኖረ ሰው ነው። «ይቺ ትብለጥ ናት» ይላል እኔ ስነካው፤ «ለመምታት ቸኩላ ስትደርስ የምትለሰልስ።» ተናደድኩበት። ነገር ግን እውነቱን ነበር።

ክረምቱ አልፎ በመጣው ኅብር የገላዬ ስም ተጠራ። ጥፋቱ ሹሙ ሲያስነጥሱ «ይማርዎ» አለማለቱ ነው። መለከቱ ተነፋ፤ ገላዬ ድንጋዩ ላይ ወጣ፤ ቢተው እንደ ሥራው ጀመረ። ገላዬ ግን ድንጋዩ ላይ አልቆየም። ወደ ዳር ሄደ፣ አንዱን ወፍራም ነጋዴ ከሌሎቹ ጋር አጋጨ፣ «ዘወር በሉ!» ብሎ ጮኸ፣ ሰው ሁሉ ሳያስበው ዘወር አለለት፤ ከዚያም ሻሹን እያስተካከለ ወደ ቤቱ ሄደ። ሕዝቡ እያለከለከ ገበያው መሃል ቀረ።

ትልቁ ችግር መረቁ ላይ መጣ። መረቁ ተሠርቷል፤ ላልተደበደበ ሰው ግን ይገባዋል ወይስ አይገባውም? ሽማግሌዎች ተቀምጠው ተከራከሩ። አንዱ «መረቅ የቁስል ነው» አለ፤ ሌላው «መረቅ የዕርቅ ነው» አለ። በመሃሉ ገላዬ ከቤቱ ወጥቶ «ሳይቀዘቅዝ ብታመጡት» ብሎ ለመነ።

ከእሱ በኋላም አንዲት ባልቴት ወጣች። ቀጥሎም ሌላ ሰው ወጣ። ሹሙ እየከሱ ሄዱ። «ጠቡ የት ይሂድ?» ይሉ ነበር ያገኙትን ሁሉ፤ «ሕዝቡ ውስጥ ተጠራቅሞ ቀረ እኮ!» በመጨረሻ በኅብር ቀን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በማያሻማ ድምፅ፣ «ዘርፌ» አሉ።

እትዬ ዘርፌ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ድንጋዩ ላይ ወጡ። ጉልበታቸው እንደማይታጠፍ የማያውቅ አልነበረም። የከበባቸው ሕዝብ ግማሹ ተማሪያቸው ነው፤ መለከት ሲነፋ አለመምጣት ራሱን የቻለ ጥፋት ስለነበር ሁላችንም መጥተናል። እኔ ከዳር ነበርኩ።

ቢተው እጁን አነሳ።

«ክንድህን አውርድ፣ ጎንህ ተከፍቷል» አሉት።

«እሺ እትዬ» አለና አወረደ።

ከዚያ ወደ ዳር ማነከስ ጀመሩ። እያነከሱ ይቆጡናል፤ «ወርቅያ፣ አትንጠራሪ! ገላዬ፣ ከኋላህ ያለውን አትርገጠው!» እኛም ከልምድ የተነሳ የታዘዝነውን እንሠራለን። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ክቡ ፈርሶ የገበያው ሕዝብ ሁሉ በአንድ ወረፋ ቆመ። ከፊት ቢተው ነበር።

«ምን ትጠብቃለህ? ምታ!» አሉ ሹሙ።

«ብቻዬን ነኝ እኮ ጌታዬ።»

«ምን ማለትህ ነው? ከኋላህ ከተማው ሙሉ አለ!»

ቢተው ዞሮ ወረፋውን አየ። «ከኋላዬማ አለ» አለ። «ከፊት ግን እኔ ብቻ ነኝ።»

ነገሩ በዚያው የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ያኔ ነው ከወረፋው ጫፍ፣ ፊቱ ከማይታይ ሰው፣ ድንጋይ የተወረወረው። እትዬ ዘርፌን ግራ ዓይናቸው ላይ አገኛቸውና ወደቁ።

የወደቀ ሰው ሲያይ ሕዝቡ ምን እንደነካው አላውቅም፤ ወረፋው ተናደና ሁሉም ተንጋጋ። እኔም ተገፍቼ አብሬ ሄድኩ። ቀና ስል ቢተው እትዬ ዘርፌ ላይ በአራት እግሩ ተንበርክኮ፣ እንደ ጠረጴዛ ሆኖ ሸፍኗቸዋል። ቡጢውም ርግጫውም እሱ ጀርባ ላይ ያርፋል። «አቁሙ!» ብዬ ጮህኩ። ማንም አልሰማኝም። አንዱን በኮሌታው ጎትቼ ስጥል ሌላው ይገባል።

ቢተው አልጮኸም። አንገቱን እንደደፋ፣ መውጫ ግቢ ውስጥ እንደሚናገረው አድርጎ ተናገረ።

«ይቺ የገላዬ ናት። ገላዬ፣ ቀለበትህ ይወጋል።»

አንድ እጅ ወደ ላይ ወጣና ሳይመለስ ቀረ።

«ይቺ ወርቅያ ናት። መጀመሪያ ትከሻዬን ያዝሽኝ።»

ወርቅያ እጇን ወደ ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«ይሄ እግር የወፍጮ ቤቱ ጌታ ነው። ጫማዎ አዲስ ነው፤ እንኳን ደስ ያለዎ።»

እንዲህ እያለ አንድ በአንድ ጠራቸው። ስሙ የተጠራ ሁሉ ፊቱን እየሸፈነ ወደ ኋላ ይላል። ድምፁ እየደከመ ሄደ፤ የሚመታውም እየቀነሰ ሄደ። በመጨረሻ ማንም ሳይነካው ቆየና፣ «የትብለጥ እጅ የለችበትም» አለ ለራሱ። ከዚያ በጎኑ ተኛ።

ሹሙ አፍንጫቸውን ጠርገው፣ ኅብሩ በጉንፋን ምክንያት መቋረጡን አስታወቁ። እስከ ዛሬ አልቀጠለም። መለከቱን ሰው ለሠርግ ይዋሰዋል።

እትዬ ዘርፌ ግራ ዓይናቸውን አጡ። ቢተው የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ለረጅም ጊዜ ተኛ። አባቴ መረቁን በራሱ እጅ ሠራ፤ በጠማማ ክንዱ ድስቱን እያንቀጠቀጠ፣ እያፈሰሰ፣ እኔ ልሸከምልህ ብለውም እምቢ ብሎ ቤቱ ድረስ ወሰደለት።

«ጨው አነሰው?» አለው አባቴ።

«ትንሽ» አለ ቢተው፤ ከዚያም ጎልማሳው ሰውዬ ጎድኑ እያመመው አለቀሰ። አባቴ ጨው ሊያመጣ ወጣ፤ መጥቶም እስኪመሽ አብሮት ተቀመጠ።

ቢተውን አገባሁት ብዬ ብተርክ ደስ የሚላችሁ ይኖራሉ። አላገባሁትም። ወርቅያን ነው ያገባው፤ መለከቱም ተነፋላቸው።

የመውጫ ግቢ ከዚያ በኋላም ትንሽ ቆየ። የሚደበድብ ስለጠፋ የሚማር ቀነሰ። እኛ የድሮዎቹ ግን ሰበብ እየፈለግን እንሄድ ነበር። አንዱ ወገቤን አመመኝ ይላል፤ አንዱ ሻሼን ረሳሁ ይላል። እትዬ ዘርፌ በአንድ ዓይናቸው እያዩን «ማን መታችሁና ነው የመጣችሁት?» ይሉናል። «ማንም» እንላለን። «እንግዲያው ክበቡ» ይላሉ። አመሻሽ ላይ ግቢው አቧራ በአቧራ ይሆናል፤ የበሰለ ኮክ ከዛፉ ይወድቃል፤ ገላዬ ዓይኑ በነጠላ ታስሮ እትዬ ዘርፌ ሲነኩት «ይቺ ወርቅያ ናት» ብሎ ኩርኩም ይቀምሳል። በሕይወቴ እንደዚያ ተገፍቼ፣ እንደዚያ ወድቄ፣ እንደዚያም ስቄ አላውቅም። አሁን ከተማችን ሰላም ነው። ሰው ከሰው ጋር ሲጣላ ሁለቱ ብቻ ይጣላሉ፤ ሌላው በሩን ዘግቶ ያዳምጣል። የተሻለ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም አንዳንድ ቀን አመሻሽ ላይ ያንን ግቢ አልፌ ስሄድ እግሬ አልሄድ ይላል።

አንድ ቀን ከሩቅ አገር መልእክተኞች መጡ። እዚያ ኅብሩ በዱላ ነው አሉ፤ ማንም ሊያስተምራቸው የደፈረ የለም። እትዬ ዘርፌ ዕቃቸውን ጠቅልለው ተነሱ። ጥቅልላቸውን ተሸክሜ እስከ ድልድዩ ሸኘኋቸው።

«እዚያ በጣም ብዙ ናቸው አሉ፣ እትዬ» አልኩ።

«ሰምቻለሁ።»

«አይፈሩም?»

«እፈራለሁ እንጂ!» ጥቅልሉን ከትከሻዬ አወረዱ። «በይ ተመለሺ። አባትሽ ብቻውን ነው።»

ጉንጬን ስመውኝ ድልድዩ ላይ ወጡ። መሃሉ ላይ ሲደርሱ ከወዲያ ማዶ ለገበያ የሚነዳ የፍየል መንጋ መጣና ድልድዩን ሞላው። ወደ ፊትም ወደ ኋላም መሄጃ አጡ። ፍየሎቹ በጉልበታቸው መካከል ይሹለከለካሉ፤ አንዷ የነጠላቸውን ጥለት ታኝካለች። እትዬ ዘርፌ አልጮኹም፣ አልገፉም፣ ወደ ዳርም አልሄዱም። ጥቅልላቸውን ከፍ አድርገው ይዘው መሃሉ ላይ ቆሙ። መጀመሪያ ጨነቀኝ፤ ቆይቶ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁና እየሳቁ መሆኑ ገባኝ። ድምፁ በፍየሎቹ ጩኸት መካከል ይደርሰኝ ነበር። የመጨረሻው ፍየል እስኪያልፍ ድረስ ሳቁ፤ ከዚያ ነጠላቸውን አራግፈው እያነከሱ ተሻገሩ።